ቤቱ በማን ስም ይጠራል?

ወደ ሐረር ጁገል የሚገባ እንግዳ ገና አቧራውን ሳያራግፍ የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው። «የራምቦን ቤት ላሳይህ?» ይሉታል ልጆች እየተሻሙ። እንግዳውም የልብስ ሰፊዎች መኪና ቀኑን ሙሉ ከሚንጫጫበት ከመኪና ግርግር ታጥፎ በጠባቡ መንገድ ይወሰዳል። በድንጋይ ቤቶች መካከል ቀና ብሎ የቆመውን ባለ ፎቅ ቤት፣ የተፈለፈለ እንጨቱንና ባለ ቀለም መስተዋቱን እያየ ይደነቃል፤ ፎቶግራፍ አንስቶም ይመለሳል።

አርተር ራምቦ በወጣትነቱ ግጥም የጻፈ፣ በኋላም ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ ነጋዴ የሆነ ፈረንሳዊ ነው። ሐረር የመጣው በ1873 ዓ.ም ሲሆን፣ እየሄደ እየተመለሰ ቡናና ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ጠመንጃ ሲነግድ ቆይቶ በ1884 ዓ.ም በአገሩ በማርሴይ ከተማ ሞተ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቤት ግን የተሠራው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ ያሠራውም አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው።

እኛ ከፈረንሳዊው ጋር ጠብ የለንም። ቤቱ ሙዚየም ሆኖ የከተማዪቱን የጥንት ፎቶግራፎች መያዙም ደግ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ውድ አንባብያን፣ እስቲ አንድ ነገር አስተውሉ። ያ ነጋዴ ሚስት ነበረችው? ልጆቹ በዚያ ደረጃ ላይ ሮጠዋል? ቤቱን ከእርሱ በኋላ ማን ጠገነው? የሚጠይቅ የለም። አንድ ቀንም ያላደረበት ሰው ስሙን ወሰደ፤ ያሠራውና የኖረበት ቤተሰብ ሳይጠራ ቀረ።

ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። የጁገልን ግንብ ማን ሠራው ቢባል ሕፃን ልጅ እንኳ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ብሎ ይመልሳል። ልክ ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋ በጦርነትና በረሃብ በተጨነቀችበት ጊዜ ግንቡን ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። በጎናቸው ስለነበሩት ስለ ባቲ ድል ወንበራ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? የአሚር ማሕፉዝ ልጅ፣ አስቀድሞም የኢማም አሕመድ ባለቤት ነበሩ። ኢማሙ ከተሰዉ በኋላ ወደ ሐረር ተመልሰው አሚር ኑርን አገቡ። ከእርሳቸው ታሪክ ውጭ የግንቡን ታሪክ መናገር ግማሹን መተው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሠርግ ወደ ጅማ ሄደን ስለነበር ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይተናል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን ከ50 ዓመት በላይ ገዝተዋል። አስጎብኚው ስለ ቁመታቸው፣ ስለ ወንበራቸውና ስለ ሀብታቸው ብዙ ነገረን። እኛ ግን የእናታቸውን የገኔ ጉሚቲን ነገር ለመስማት ነበር የጓጓነው። የሸዋው ንጉሥ ኃይል በበረታ ጊዜ ከመዋጋት ይልቅ ገብሮ አገርን ማዳን ይሻላል ብለው ልጃቸውን የመከሩ እርሳቸው እንደሆኑ ይነገራልና። ያ የእንጨት ሕንፃ ዛሬ ቆሞ የሚታየው ምናልባት በዚያ ምክር ይሆናል። በአዲስ አበባም የቤኒሻንጉሉ ገዥ የሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ቤት አለ፤ ሰፈሩ እስካሁን በስማቸው ይጠራል። በዚያ ቤት ስለኖሩት ሴቶችና ልጆች ግን የሚያወሳ እምብዛም አልገጠመንም።

ይህን ሁሉ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ አራት ወንድምና እህት አዲስ አበባ መርካቶ ተወልደን ብናድግም ሥራችን ጁገል ውስጥ ነው። የአያታችን ቤት እዚያ አለ። ያ ቤትም በሰፈሩ የሚጠራው ለመጨረሻ ጊዜ በ1940 ዓ.ም ባደረበት ሰው ስም ነው፤ በወንድ አያታችን። ቤቱ ግን የእርሳቸው አልነበረም።

የሐረሪን ቤት ላላዩ አንባብያን ጥቂት እንግለጽ። ከመንገድ ሲያዩት የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው፤ መስኮት የለውም ማለት ይቻላል። የግቢውን በር አልፈው፣ ጫማዎን አውልቀው ጊድር ጋር ወደሚባለው ዋናው ክፍል ሲገቡ ግን ሌላ ዓለም ይከፈታል። ወለሉ ሁሉ አንድ ደረጃ አይደለም። ነደባ የሚባሉ፣ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉት። አሚር ነደባ ለተከበረው ሰው ነው፤ ጊድር ነደባ ሰፊው መደብ ነው፤ ሱትሪ ነደባ እንደ ስሙ የተሸሸገ ነው፤ ገብቲ ኤሐር ነደባ ከበሩ ጀርባ ይገኛል፤ ጢት ነደባ ደግሞ ትንሹ ነው። ሰው ቤት ገብቶ «የት ልቀመጥ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ዕድሜውና ዝምድናው ቦታውን ይነግረዋል። እኛ ልጆች ሳለን ከጢት ነደባ ወደ ላይ አንድ እርምጃ ለመውጣት ስንት ዓመት እንደጠበቅን እናስታውሳለን። ታላቅ ወንድማችን ድምፁ ከጎረነነ በኋላም አያታችን ገና አልፈቀዱለትም ነበር።

ግድግዳው በኖራ የነጣ ሲሆን፣ በውስጡ ጣቀት የሚባሉ ጎድጓዳ መደርደሪያዎች አሉ። ቁርኣንና ኪታብ በእነርሱ ይቀመጣል። የቀረውን ግድግዳ በሴቶች እጅ የተሰፉ ባለ ቀለም ሙዳዮችና ሞሰቦች፣ ሳህኖችም ይሸፍኑታል። መደቦቹ በቀይ አፈር የተለቀለቁ ናቸው። ቀይነቱ በ1879 ዓ.ም በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል፤ በዚያ ጦርነት የመጨረሻው አሚር አብዱላሂ ተሸንፈው ሐረር በምኒልክ እጅ ገብታለች። አያታችን ግን ይህን ሲጠየቁ «እኔ የማውቀው በየዓመቱ መለቅለቅ እንዳለበት ነው» ይሉ ነበር። ለእርሳቸው ታሪክ ማለት እጅ የሚያቆሽሽ ሥራ ነበረ።

እውነታቸውን ነው። የጭቃና የድንጋይ ቤት የሚያቆመው የሠራው ሰው ሳይሆን በየዓመቱ የሚጠግነው ነው። የአያታችን ቤት ጣሪያ በእንጨት ላይ አፈር የተደለደለበት ሜዳ ጣሪያ ነበረ። ዝናብ ሲመጣ ይጠጣል፤ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። ክረምት ሳይገባ መደልደል፣ ክረምቱ ሲወጣ ስንጥቁን መድፈን፣ ረመዳን ሳይገባ ግድግዳውን ማንጣት፣ መደቡን መለቅለቅ ግድ ነው። ሁለት ዓመት ችላ የተባለ ቤት በሦስተኛው ይፈርሳል። ኋላ ቆርቆሮ ለብሶ ይህ ጭንቀት ቀነሰ፤ ቆርቆሮው የቤቱን መልክ አበላሽቷል የሚሉ አሉ፣ እኛ ግን አያታችንን በ60 ዓመታቸው ጣሪያ ላይ ስለማየታችን ለመናገር አንደፍርም።

ጎን ለጎን ያለችውን ኪርታት የተባለችውን ክፍል ሳናነሳ አናልፍም። አዲስ ሙሽሮች የሚገቡባት ክፍል ናት፤ በጥንቱ ልማድ ሙሽራዪቱ ለወራት ከዚያ አትወጣም፤ ምግቡም በትንሽ ቀዳዳ ይቀበላታል። አያታችን የተሞሸሩባት ኪርታት የእናታቸው፣ የእናታቸውም እናት ኪርታት ነበረች።

እዚህ ላይ ነው የቤቱ ነገር የሚጀምረው። የአያታችን አባት በሕይወት ሳሉ ለወንዶች ልጆቻቸው እርሻና ሌላ ቤት ሰጥተው፣ ይህን ቤት ለሴት ልጃቸው ሰጡ። በልጆች መካከል ማበላለጥን ዲናችን አይወድምና ሁሉንም ሰብስበው፣ ሽማግሌ አስቀምጠው፣ ወንድሞቻቸውም ወደው ነበር ያደረጉት። ወንድ አያታችን የገቡት በሚስታቸው ቤት ነው። ነገር ግን ነጋዴ ነበሩ፤ ሰው ያውቃቸዋል፤ እንግዳ ይቀበላሉ። ሰፈሩም ቤቱን በእርሳቸው ስም ጠራው።

በ1940 ዓ.ም በሐረር ላይ ከባድ ነገር መጣ። ኩሉብ በሚል ስም በሚታወቀው እንቅስቃሴ ሰበብ ብዙ ሐረሪዎች ታሰሩ፤ ንብረታቸው ተወረሰ፤ ብዙ ቤተሰብም ከተማውን ለቆ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ተሰደደ። ወንድ አያታችንም ከወጡት አንዱ ነበሩ። አባታችንን የአንድ ዓመት ሕፃን ትተው ሄዱ፤ መርካቶ ውስጥ በትንሽ ሱቅ ጀመሩ። በኋላ ነገሩ ሲበርድ ሰው ልከው ሚስታቸውን «ነይ፣ ቤት አዘጋጅቻለሁ» አሏቸው። አያታችን የመለሱትን አክስታችን እስከ ዛሬ በቃላቸው ይነግሩናል። «ሁሉም ከወጣ በሩን ማን ይዘጋል?» ነበር ያሉት።

አልሄዱም። ባልና ሚስት ሳይፋቱ፣ ሳይጣሉም፣ ሦስት አሥርት ዓመት በሁለት ከተማ ኖሩ። ወንድ አያታችን ለዒድና ለአረፋ ሐረር ይመጡ ነበር፤ ግን ከዘመድ ቤት ያድሩ ነበር እንጂ ከዚያ ቤት አላደሩም፤ የሚፈልጓቸው ሰዎች ያን በር ያውቁታል የሚለው ፍርሃት አልለቀቃቸውም። አያታችን ወደሚያድሩበት ቤት ይሄዱላቸው ነበር። እንዲህ ያለ ትዳር ለዛሬ ወጣቶች እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ለእኛም እንግዳ ነው። ልጆቹ ትምህርት ሲደርሱ ወንዶቹ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ፤ ሴቶቹ ከእናታቸው ጋር ቀሩ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው የሚያደርግ ነበር። የአያቶቻችን ሁለት ነበር፤ መርካቶ አያታችን ሠርተው ያቆሟት ባለ አራት ክፍሏ ቤትና የሐረሩ ቤት። አንዱን መምረጥ ግድ ሆነ።

መርካቶን መምረጥ ነበረባቸው ይል ነበር ያኔ ያየ ሁሉ። ወንዶች ልጆቻቸው እዚያ ናቸው፤ ሱቁ እዚያ ነው፤ አባታችንም ገና አግብተው እዚያው ገብተዋል። የሐረሩ ቤት በአንጻሩ የሚያፈስ ጣሪያና ሁለት ሴቶች ብቻ ነበር። ወንድ አያታችን ለሦስት ቀን ከሰው አልተነጋገሩም ይባላል። በአራተኛው ቀን የሐረሩን አስመዘገቡ። የጠየቃቸውን ሁሉ «ያኛውን እኔ ሠራሁት፣ እኔ ልተወው እችላለሁ። ይህኛው የእርሷ ነው» አሏቸው።

ስለዚህ አባታችን፣ ኋላም እኛ ሁላችን የኖርነው፣ አያታችን በሠሯት ቤት ውስጥ ለቀበሌ ኪራይ እየከፈልን ነው። ኪራዩ ትንሽ ነበር፤ ቁጭቱ ግን አባታችንን ለረጅም ዘመን አልለቀቀም። ልጅ ሳለን ዝናብ በገባ ቁጥር «ይህን ቆርቆሮ የማይቀይር አከራይ!» ይሉና፣ ወዲያው «አስተግፊሩላህ» ብለው ዝም ይላሉ። ወንድ አያታችን በ1974 ዓ.ም አረፉ። አላህ ይርሐማቸው።

አያታችን እስከ 1997 ዓ.ም ኖሩ። በነገራችን ላይ ጁገል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው እርሳቸው ባለፉ በዓመቱ፣ በ1998 ዓ.ም ነው። 82 መስጊድና 102 የአውሊያ መቃብር ያላት ከተማ መሆኗ በዓለም ተነገረ። በዚያ ዜና ቤታችን ውስጥ ደስታም ሳቅም ነበረ፤ አክስታችን «እናቴ በባዶ እጇ ስትጠግን የት ነበሩ?» ብለው ነበርና።

ሐዘኑ ካለፈ፣ አፎቻውም ድርሻውን ከተወጣ በኋላ ግን ሳቅ የማይገባበት ነገር መጣ። ውርስ።

ወራሾቹ አምስት ናቸው፤ ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች። ታላቋ አክስታችን ከእናታቸው ተለይተው የማያውቁ፣ ቤቱን አብረው ያቆሙ ናቸው። ታናሿ ድሬዳዋ አግብተዋል። አባታችን አዲስ አበባ፣ አንዱ አጎታችን ጅዳ፣ ሌላው ቶሮንቶ። የሸሪዓ አዋቂ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ተጠሩና ደብተር አውጥተው ቀጥታ አስሉ። የቀብር ወጪና ዕዳ አስቀድሞ ይወጣል፤ ዕዳ አልነበረም። የቀረው ለወንድ የሁለት ሴት ድርሻ ሆኖ በ8 ይካፈላል። ወንዶቹ እያንዳንዳቸው 2፣ ሴቶቹ እያንዳንዳቸው 1።

ስሌቱ አላህ የደነገገው ነውና ማንም አልተከራከረም። ጭንቀቱ ሌላ ነበር። ጊድር ጋሩን በ8 እንዴት ትከፍለዋለህ? አምስቱ ነደባዎች አንድ ላይ ካልሆኑ ቤት አይደሉም። በሰፈሩ በመሃል ግድግዳ ሠርተው የከፈሉ ቤተሰቦች አሉ፤ አሚር ነደባ ከአንዱ ወገን፣ በሩ ከሌላው ወገን ቀርቶ ሁለቱም ጨለማ ውስጥ ይኖራሉ። ታናሿ አክስታችን ነገሩን ለማቅለል «የእኔ ድርሻ ገብቲ ኤሐር ነደባ ይሁን፤ ቢያንስ በሩን እዘጋለሁ» ሲሉ ሁሉም ሳቀ፤ ታላቂቱ ግን አለቀሱ።

አያታችን ቤቱ እንዳይሸጥ በቃላቸው ደጋግመው ተናግረው ነበር። ይህን ለሽማግሌው ነገርናቸው። እርሳቸውም በትዕግሥት አስረዱን። ምኞት ሌላ፣ ወሲያ ሌላ፣ ወቅፍ ሌላ ነው አሉ። ሰው በንብረቱ ወሲያ ማድረግ የሚችለው እስከ ሲሶ ድረስ ነው፤ ያውም ለወራሽ ላልሆነ ሰው፤ ከዚያ በላይ የሆነው በወራሾች ፈቃድ ይታያል። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን መሬት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አማክረው መሬቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ፣ ፍሬው ግን ለድኾች፣ ለዘመድና ለመንገደኛ እንዲሆን ያደረጉት በሕይወት ሳሉ ነበር። «እናታችሁ በሕይወት ሳሉ ወቅፍ ቢያደርጉት ኖሮ ዛሬ እኔን ባልጠራችሁኝ» አሉን። ከባድ ንግግር ነበረ። ነገር ግን ማጽናኛ አድርገው ያልዋሹን በመሆናቸው እናመሰግናቸዋለን።

የጅዳው አጎታችን ድርሻውን በገንዘብ ፈለገ። በቤተሰቡ ውስጥ ክፉ የተናገሩት አልጠፉም፤ እኛ ግን ከክፉዎቹ ጋር አልቆምንም። 20 ዓመት በሰው አገር ልጆቹን በኪራይ ቤት ያሳደገ ሰው ነው፤ የጠየቀው ሐቁን ነው። ሐቁን የጠየቀን ወንድም ስስታም ማለት እንዴት ይፈቀዳል? አንድ ዘመድ ደግሞ ቤቱ ፈርሶ በብሎኬት ባለ ብዙ ክፍል ቢሠራ ኪራዩ ለሁሉም ይበቃል የሚል ሐሳብ አቀረበ። በቅርሱ ምክንያት ያለ ፈቃድ ማፍረስ እንደማይቻል ሲነገረው «እንግዲያ ቅርስ ያለው ራሱ ይጠግነዋ!» አለ። አነጋገሩ ቢያስከፋንም ጥያቄው እውነተኛ ነው። ከተማው በሙሉ የሚኮራበትን፣ ቱሪስት የሚያየውን ጣሪያ የሚደለድለው የአንድ ቤተሰብ ኪስ ነው። የአንዲት አሮጊት ኪስ ነበር።

ሦስት ዓመት ፈጀ። ስልክ፣ መልእክተኛ፣ ኩርፊያ፣ እርቅ። በመጨረሻ አባታችን የራሳቸውን 2 ድርሻ ለእህታቸው በስጦታ ለቀቁ። ያን ቀን ስለ መርካቶው ቤት አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ግን ፈርመው ሲነሱ እንደ ወንድ አያታችን ለረጅም ሰዓት ዝም ብለው ነበር። የጅዳውን አጎት 2 ድርሻ እኛ አራታችን ደመወዛችንን፣ እህታችንም ወርቋን አዋጥተን በተገመተው ዋጋ ገዝተን ለአክስታችን ሰጠን። የቶሮንቶው አጎታችን ድርሻውን አልሸጠም፣ አልሰጠምም፤ ልጆቹን አምጥቶ እስኪያሳያቸው ድረስ አቆይቶታል። ታናሿ አክስታችንም የበራቸውን ጀርባ አጥብቀው ይዘዋል። እንግዲህ ከ8 ድርሻ 5ቱ ቤቱን ባቆሙት ሴት እጅ ሆነ ማለት ነው። እርሳቸውም ድርሻቸውን ልጆች ቁርኣን ለሚቀሩበት ወቅፍ ለማድረግ ዐስበዋል። ድርሻው ተለይቶ ያልተከፈለ ስለሆነ በዚህ ላይ ሊቃውንት የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ግን እንደሚቻል ነግረዋቸዋል። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ገና አልተፈጸመም።

ቤቱን ስናጸዳ የአያታችንን አፍላላ ከፈትን፤ ሴቶች ውድ ዕቃቸውን የሚያኖሩበት ጥቁር ማኖሪያ ነው። ወርቅ የጠበቀ ካለ አልተሳካለትም። የ1967 የምዝገባ ወረቀት፣ ወንድ አያታችን ከመርካቶ የላኳቸው ሁለት ደብዳቤዎች፣ የተሰበረ ተስቢሕና የቤት ቀለም ሂሳብ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ነው የተገኘው። በጣቀቱ ከነበሩት ኪታቦች አንዱ መጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ ደግሞ የልጆች ልደት በዐረብኛ ፊደል ተጽፎ አገኘን። የአያታችን፣ የወንድሞቻቸው፣ የአባታቸውም ስም አለ። የእናታቸው ስም የለም። ያቺን ኪርታት ለልጃቸው ያወረሱት ሴት ማን ይባሉ እንደነበር የምታስታውሰው አክስታችን ብቻ ነበሩ፤ ነገሩን፤ ጻፍነው።

ይህን ስናደርግ በከተማዪቱ ካሉት ሁሉ ያሰብነው አቶ አብዱላሂ ሸሪፍን ነው። በገዛ ቤታቸው የእጅ ጽሑፎችንና ዕቃዎችን መሰብሰብ ጀምረው፣ በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ ስብስባቸው ወደ ራስ ተፈሪ ቤት ተዛውሮ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሙዚየም አስገኝቷል። እንደ እርሳቸው መሆን ለሁሉም አይቻልም። ቢሆንም አንድ ደብተር መግዛት የሚያቅተው ቤተሰብ የለም። እናንት ወጣቶች፣ አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ከዐሥር ሰላት በኋላ አጠገባቸው ተቀመጡና ቤቱን ማን እንደሠራው ሳይሆን ማን እንደጠገነው ጠይቋቸው። የሴቶቹን ስም ከነአባታቸው ጻፉ። ወላጆችም ብትሆኑ፣ ቤታችሁ እንዲኖር የምትሹት ነገር ካለ ለሽማግሌ ነግራችሁ፣ አስመስክራችሁ፣ በወረቀት አኑሩት፤ ልጆቻችሁ ከሐዘን ማግስት ምኞታችሁን ሊተረጉሙ አይገደዱ።

ዘንድሮ ከአሚር ነደባው በላይ ያለው አንዱ የጣሪያ ግንድ ምስጥ በልቶት ተገኘ። ለመቀየር ፈቃድ መጠየቅ ስለሚያስፈልግ ታናሽ ወንድማችን ከአክስታችን ጋር ሄዶ ቅጹን ሞላ። «ቤቱ የሚታወቅበት ስም» የሚል መስመር ነበረው። ጸሐፊው የሰፈሩ ልጅ ስለነበረ ሳይጠይቅ የወንድ አያታችንን ስም መጻፍ ጀመረ። አክስታችን እጁን ይዘው የእናታቸውን ስም ነገሩት። «እማማ፣ በዚህ ስም ማንም አያውቀውም እኮ» አላቸው። «አንተ ጻፈው፣ ልጄ» አሉት። ጻፈው፤ የፊተኛውንም አልሰረዘውም፣ በቅንፍ አደረገው።

ፈቃዱ በሁለት ሳምንት ወጣ። አናጺው ግንዱን ከየት እንደሚያመጣ ገና አልነገረንም፤ ዋጋውም ካለፈው ጊዜ ጨምሯል። የቶሮንቶው አጎታችን ግማሹን እልካለሁ ብሏል። ግንዱ ከደረሰ ሥራው ክረምቱ ሳይገባ ያልቃል፤ ኢንሻአላህ።